ሠዓሊና ባለ እጅ

ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ የሆሳዕናን መንገድ ይዞ ወደ አረካ የሚሄድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የሚያየው ቀይ አፈርና ለምለም እንሰት ነው። በዚያ አገር በገበያ ቀን ማሰሮው፥ እንስራውና ጀበናው መሬት ላይ ተደርድሮ ይሸጣል። ገዢ ይመጣል፤ ማሰሮውን አንሥቶ በጣቱ መታ መታ እያደረገ ድምፁን ያዳምጣል፤ ስንጥቅ የሌለበት መሆኑን ባረጋገጠ ጊዜ ዋጋውን ይጠይቃል። የሠሪዋን ስም ግን አይጠይቅም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስላልተጠየቀ ስም ነው፤ ወደዚያም የምደርሰው በዘመናችን ሠዓልያን ታሪክ በኩል ይሆናል።

ሥዕል የተባለ እንደ ሆነ ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን በሸራ ላይ በቀለም የተቀባ የሰው ወይም የአገር መልክ ነው። ነገር ግን ካለፈው ምዕተ ዓመት እኩሌታ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ብዙ ሠዓልያን «ምን ልሣል?» ከሚለው ጥያቄ ጋራ ሌላ ጥያቄ ጨመሩበት። «በምን ልሥራ? የምሠራበትስ ነገር ራሱ ምን ያስታውሳል?» አሉ። ጭቃ የመጣበትን ምድር፥ ቁርበት ለብሶት የነበረውን እንስሳ፥ ክር የፈተለውን እጅ ያስታውሳልና። ተመልካቹም መልኩን አይቶ እንዳያልፍ፥ ነገሩን ቀርቦ እንዲመረምር ተጋበዘ።

ይህ አሳብ ለአገራችን ባዕድ አይደለም። ከሶዶ ከተማ በላይ በዳሞታ ተራራ ገጽ ላይ ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ። የጥንት ቅርስ መርማሪዎች ባደረጉት ቁፋሮ ከዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰዎች ይጠለሉበት እንደ ነበርና ከጥቁር ባልጩት ስለታም መሣሪያ ያወጡ እንደ ነበር ታውቋል። በኮንሶና በጋሞ ደግሞ ቁርበት የሚያለፉ ባለ እጆች በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ እስከ ዘመናችን ደርሰዋል፤ በኮንሶ ይህን ሙያ የያዙት ሴቶች ናቸው። እንግዲህ በእጅና በድንጋይ መካከል ያለው ትውውቅ ከብራናና ከመጻሕፍት ሁሉ የቀደመ ነው።

ብራና ካልን ዘንድ አንድ ነገር ልብ እንበል። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊና ጸሐፊ የሚሠሩበት ብራና ከፍየል ወይም ከበግ ቁርበት በእንጨት ላይ ተወጥሮ፥ ተፍቆና ተለስልሶ የሚዘጋጅ ነው። ብራና የሚፍቀው ሰው በደብሩ ይከበር ነበር። ያንኑ ቁርበት ለአጎዛና ለጫማ የሚያለፋውን ሰው ግን «ፋቂ» እያልን ለስድብ አዋልነው። ቁርበቱ አንድ፥ ፍቀቱም አንድ ሆኖ ሳለ፥ አንዱ ክብር ሌላው ውርደት አገኘበት።

በ1950 ዓ.ም. በቺካጎ ተምረው በተመለሱት በአቶ አለ ፈለገ ሰላም መሪነት በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤቱ ካስተማሩትና ከተማሩት መካከል ሦስቱን ላንሣ።

የመጀመሪያው እስክንድር ቦጎስያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 በአዲስ አበባ ተወልደው በለንደንና በፓሪስ ከተማሩና ከሠሩ በኋላ በ1966 ወደ አገራቸው ተመልሰው በዚሁ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በኋላም በዋሽንግተን በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት መምህር ሆነው ኖሩ፤ በ2003 ዐረፉ። እኒህ ሰው በአሜሪካ ሳሉ ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሠርተዋል። እንዲህ ያለው ጨርቅ በኡጋንዳ የቆየ የባለ እጅ ሥራ ነው። የልጡ እጥፋትና ሸካራነት ለእርሳቸው የሥዕሉ አካል እንጂ የሚሸፈን ነውር አልነበረም።

ሁለተኛው ዘሪሁን የትምጌታ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 በአዲስ አበባ ተወለዱ። የቀርከሃ ስንጥቅ ጎን ለጎን አያይዘው፥ ቁርበትም ጨምረው፥ ከጥንት ጠልሰም የተወረሱ ዐይኖችንና ምልክቶችን ይሥሉበታል። ሥራቸውን የሚያይ ሰው የክታቡን ጥቅልልና የሸማኔውን ጥበብ በአንድነት የሚያስታውስ ይመስለዋል። በ1992 በዳካር በተደረገው የአፍሪካ ሠዓልያን ጉባኤ ታላቅ ሽልማት ተቀብለዋል።

ሦስተኛው ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 የተወለዱ ናቸው። በመጀመሪያ በክር፥ በአዝራርና በጭቃ ይሠሩ ነበር። ከዚያም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ስልክና ኮምፒዩተር የወጣውን ሽቦ እየሰበሰቡ፥ እየጎነጎኑና በሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ታላላቅ ሥራዎች አቀረቡ። ሥራውን ከሩቅ ያየ ሰው ከተራራ ላይ ሆኖ የሚያየው የእርሻ ማሳ ይመስለዋል፤ በቀረበ ጊዜ ግን ያ ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ አንድ ዘመን የሰውን ድምፅ ያስተላልፍ የነበረ ሽቦ መሆኑን ይረዳል። ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋራ በመካኒሳ ያቋቋሙት፥ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የዞማ ቤተ መዘክርም ግድግዳው በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው። ብዙዎቻችን ገንዘብ ባገኘን ማግሥት አፍርሰን በብሎኬት የምንተካውን ጭቃ፥ እነርሱ የቤተ መዘክር ግድግዳ አደረጉት።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ የእነዚህ ሠዓልያን ክብር የሚገባቸው ነው። ነገር ግን ልጡን መቀጥቀጥ፥ ቀርከሃውን መሰንጠቅ፥ ቁርበቱን ማልፋት፥ ጭቃውን ከጭድ ማዋሐድ ከእነርሱ አስቀድሞ የማን ዕውቀት ነበር? የባለ እጆች አልነበረምን? በወላይታ ሸክላ ሠሪው ጪናሻ፥ ቁርበት አልፊው ደገላ ይባላል። በብዙ የደቡብ አገር እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች ርስት ተከልክለው፥ በጋብቻና በማዕድ ተለይተው ኖሩ። በሰሜኑም ክፍል ቢሆን ጠይብና ቀጥቃጭ እየተባሉ፥ ቡዳ የሚል ስም እየተለጠፈባቸው ኖረዋልና፥ ጥፋቱን በአንድ አገር ላይ ብቻ ልንጥለው አንችልም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ባለ እጅን የሰደበ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቆጠር አዘዙ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። ይሁን እንጂ አዋጅ የሚከለክለው አፍን ነው፤ ዐይንን አይከለክልም። ማሰሮውን አይቶ ሠሪዋን አለማየት በሕግ አይቀጣም። ስለዚህም ነው ንቀቱ ከአዋጁ በኋላ ዕድሜ ያገኘው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በመሥሪያ ቤት ለምንውል ሰዎች መልሱ ሩቅ አይደለም። በቤተ መዘክር ከሥዕል አጠገብ የሠዓሊው ስም፥ የትውልድ ዘመኑና የሠራበት ዓመት ይጻፋል። ከእንስራው አጠገብ ግን «የወላይታ ሸክላ» ተብሎ ይታለፋል፤ የአንዲት ሴት የዕድሜ ልክ ዕውቀት የአገር ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። ትርኢት ወይም ባዛር የሚያዘጋጅ ሹም የሠሪዋን ስም ቢያስጽፍ ወጪው አንዲት ወረቀትና አንድ እርሳስ ነው። የከተማ ይዞታ የሚመድብ መሐንዲስ ሸክላ ሠሪዎቹ አፈር የሚያወጡበትን ጉድጓድ ባዶ ቦታ አድርጎ ከመቁጠሩ በፊት ቢጠይቃቸው፥ ትልቅ ሙያ ከመጥፋት ያድናል። የሥዕል መምህርም ተማሪዎቹን ይዞ ከሸክላ ሠሪዋ ደጅ ቢሄድ፥ አፈሩ በምን ያህል ውኃ እንደሚቦካ፥ ማሰሮውም እንዳይሰነጠቅ በእሳት እንዴት እንደሚተኮስ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእርሷ ይማራሉ።

ሠዓልያኖቻችን ነገርን ቀርበን እንድናይ አስተምረውናል። ትምህርቱ ከሥዕል አዳራሹ በር ላይ ካበቃ ግን ግማሽ ትምህርት ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማሰሮ አንሥተን በጣታችን መታ መታ ባደረግን ጊዜ፥ ከዋጋው በፊት ስሟን እንጠይቅ።