ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ስሙኝማ። ነገሬ ከቤተ መንግሥት ይነሣል፣ ደቡብ ኦሞ ወርዶ ያርፋል።

በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘቡን ነገር ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ሰጡ። ያን ጊዜ የመንግሥት ሀብት በእጅ የሚዳሰስ ጠገራ ብር ነበር። ግምጃ ቤት የገባ ሰው ይታያል፤ ቢጎድል የገባው ይጠየቃል። ዛሬ ግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ፓስወርድ ሆኗል።

ታዲያላችሁ፣ ብሩ ደቡብ ኦሞ፣ ጂንካና አካባቢዋ እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጀት ያጸድቃል፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ለክልሉ ይልካል፣ ክልሉ ለየወረዳው ያከፋፍላል። ወረዳ ላይ «ፑል» የሚሉት የጋራ የሒሳብ ክፍል አለ፤ የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው ደመወዝ እዚያ ይሰናዳል። ሒሳቡ «አይቤክስ» በሚሉት ሶፍትዌር ይመዘገባል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም፣ ሴፍቲኔት፣ ደግሞ የራሱ ሶፍትዌር አለው፤ ማን ስንት ቀን እንደሠራ፣ ለማን ስንት እንደሚገባው የሚያሰላው እሱ ነው።

እስቲ አንዲት የሐመር እናት አስቡልኝ። ድርቅ ከብቶቿን ፈጅቶባት በሴፍቲኔት የአፈር ጥበቃ ሥራ የተሰማራች። የክፍያው ቀን ሲደርስ በእግሯ ዲመካ ትሄዳለች። ተራዋ ሲደርስ ስሟ የለም። ማን ሰረዘው? አማርኛ አትሰማ፣ ስክሪን አታነብ። «ሲስተሙ ነው» ከተባለች ክርክሩ እዚያው አለቀ፤ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ለዚህች ሴት መከታ የሚሆናት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስሟ በማን ፓስወርድ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተሰረዘ የሚናገር መዝገብ፣ ከመዝገቡም ኋላ የቆመ ሕግ።

ሕጉስ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የገባውንም ነው። ይህቺን ልብ በሉልኝ! ደመወዝ እንዲመዘግብ የተፈቀደለት ሰው፣ የአጽዳቂውን ፓስወርድ ተውሶ ራሱ የመዘገበውን ራሱ ቢያጸድቅ፣ ቢሮው የራሱ ቢሮ ነው፣ ወንበሩም የራሱ ወንበር ነው፤ ፈቃዱን ግን አልፏል። ድርጊቱ በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ተጨመረ።

ባዕድ አገርም ይኸው ጣጣ አለ። በ2025 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መባቻ የኢሎን መስክ ሰዎች የአሜሪካን ግምጃ ቤት የክፍያ ሥርዓት እንዲያዩ ተፈቀደላቸውና አገር ታመሰ። ከመካከላቸው አንዱ፣ እንዲያይ ብቻ ታስቦ የመለወጥ ፈቃድ በስህተት እንደተሰጠው ግምጃ ቤቱ ለፍርድ ቤት አመነ። ዳኛ አገደ፤ በኮንግረስም መግቢያውን የሚያጠብ ረቂቅ ሕግ ቀረበ። ማየትና መለወጥ ምን ያህል እንደሚራራቁ ያን ጊዜ ዓለም አየ።

እኛም ቀደም ብለን ቀምሰነዋል። መጋቢት 2016 በአንድ ሌሊት ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ ወጣ። ሰርጎ ገብ አልነበረም፤ ችግሩ ከራሱ ከሥርዓቱ ነበር። ባንኩ ግን ማን ስንት እንደወሰደ መዝገቡን ይዞ ነበርና አብዛኛውን አስመለሰ።

እኔን የሚቆረቁረኝ ይኸ ነው። አዋጁ ቁልፍ መሠረተ ልማትን በስም አይዘረዝርም፤ በሕዝብ ደኅንነትና በብሔራዊ ጥቅም ላይ በሚደርሰው ጉዳት ይለካዋል። በዚህ ሚዛን የአንድ ሩቅ ወረዳ የክፍያ ዝርዝር ቀላል ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ለዳሰነች፣ ለኛንጋቶም፣ ለሐመር ቤተሰብ ግን ያ ዝርዝር የወሩ እህል ነው።

ስለዚህ የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ የደመወዝና የሴፍቲኔት ክፍያ ሥርዓቶችን እስከ ወረዳ ድረስ በስማቸው ጠርታችሁ በቁልፍ መሠረተ ልማትነት ሕጉ ውስጥ አስገቧቸው። መዝጋቢው፣ አረጋጋጩና አጽዳቂው ሦስት ሰው ይሁኑ፤ ስማቸውም በወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ስሟ የጠፋባት እናትም ማን እንደሰረዘው በገዛ ቋንቋዋ ጠይቃ መልስ የምታገኝበት መስኮት ይከፈትላት።