ከአዘዞ ኖራ እስከ አራት ኪሎ ፖሊመር

ከጎንደር በስተደቡብ የምትገኘው አዘዞ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐፄ ሱስንዮስ መቀመጫዎች አንዷ የነበረች ሲሆን፣ የገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንና በዙሪያው የታነጹት ግንቦች በኖራ መገንባት በሀገሪቱ እንደ አዲስ የተጀመረበትን ዘመን ይመሰክራሉ። ጥበቡ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንና አብረዋቸው ከመጡ ባለሙያዎች ጋር የገባ ቢሆንም፣ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1632 ነግሠው ሚሲዮናውያኑን ካስወጡ በኋላ አብሯቸው አልተሰደደም፤ እንዲያውም የጎንደር አብያተ መንግሥት የቆሙት በዚሁ በኖራ ነው። ይህ ሊሆን የቻለው የኖራው ድንጋይ በሀገር ውስጥ በመገኘቱና ማቃጠሉንም ማቡካቱንም የሀገሬው ግንበኛ እጅ በመልመዱ ይመስላል። ከሦስት መቶ ተኩል ዓመታት በኋላ ሌላ የቁስ ዕውቀት፣ ይኸውም በብርሃን ኃይል ኬሚካዊ አጸግብሮት የሚያካሂዱ ከፊል አስተላላፊ ፖሊመሮች ጥናት፣ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ይኸው የቁሱና የእጁ ጥያቄ እንደገና ተነሥቷል።

አጸግብሮት ሲባል የአንድ ቁስ ሞለኪውሎች ትስስራቸውን ፈትተው ሌላ ቁስ የሚሆኑበት ለውጥ ነው። ብርሃን እንዲህ ያለ ለውጥ እንደሚያመጣ የደጋው ሰው በሥራው ያውቀዋል፤ በወንዝ ዳር ታጥቦ ሣር ላይ የተሰጣ ነጠላ የሚነጣውና ባለቀለሙ ጥለት በዚያው ፀሐይ የሚደበዝዘው ቀለም ሰጪዎቹ ሞለኪውሎች ብርሃን ሲያርፍባቸው ስለሚፈርሱ ነው። ተመራማሪዎች የፈለጉት ግን ብርሃንን ውጦ ራሱ ሳይፈርስ ሌላውን የሚለውጥ ቁስ ነበር። ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክረል በ1839 በፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ብረት ብርሃን ሲያርፍበት የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደሚሰጥ አሳየ፤ ጣሊያናዊው ኬሚስት ጃኮሞ ቻሚቻን በ1912 የድንጋይ ከሰል ሲያልቅ ኢንዱስትሪው በፀሐይ ብርሃን ኬሚስትሪ ሊቆም እንደሚችል ጻፈ፤ ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ ደግሞ በ1972 ብርሃን በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ላይ አሳርፈው ውኃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እንደከፈሉ አስታወቁ። የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ድክመት ዐይን የማያየውን የአልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ መዋጡ ሲሆን፣ ይህም ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ውስጥ 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ፖሊመር ማለት ትናንሽ ሞለኪውሎች ተደጋግመው በመያያዝ የሚፈጥሩት ረዥም ሰንሰለት ነው። አብዛኛው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቢሆንም፣ የካርቦን አተሞቹ ነጠላና ድርብ ትስስር እያፈራረቁ የተያያዙበት ሰንሰለት ኤሌክትሮኖቹን በርዝመቱ ያንሸራሽራል። ሺራካዋ፣ ማክዲያርሚድና ሂገር በ1977 ፖሊአሴቲሊን የተባለውን እንዲህ ያለ ፖሊመር በአዮዲን አክመው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን በብዙ እጥፍ በመጨመራቸው በ2000 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ለብርሃን ሥራ የሚፈለገው ግን ያልታከመው፣ ከፊል አስተላላፊ የሆነው ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነቱ ፖሊመር ኤሌክትሮኖች በሰፈሩበትና ባዶ በሆነው ደረጃ መካከል የኃይል ክፍተት አለ፤ ብርሃን ኤሌክትሮኑን ክፍተቱን አሻግሮ ሲያነሣው ከላይ የወጣው ኤሌክትሮን ለሌላ ቁስ ሊሰጥ፣ ከታች የቀረው ባዶ ቦታም ከሌላ ቁስ ኤሌክትሮን ሊወስድ ይችላል። ያናጊዳና ባልደረቦቹ በ1985 ፖሊፓራፌኒሊን የተባለ ፖሊመር በዚህ መንገድ ከውኃ ሃይድሮጅን እንደሚያወጣ አሳይተዋል።

በኢትዮጵያ የዚህ ጥናት መነሻ በ1950 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም የአራት ኪሎው የሳይንስ ፋኩልቲ ነው። መቀመጫውን በኡፕሳላ ያደረገው የስዊድን ዓለም አቀፍ የሳይንስ መርሐ ግብር ባደረገው ድጋፍ፣ በሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ከኡለ ኢንጋኔስ ጋር የተመሠረተው ትብብር የፊዚክስና የኬሚስትሪ መምህራንን ወደዚህ መስክ አስገባ። ባንቲካሰኝ ወርቅአለማሁ በ1990ዎቹ ብረትና ፖሊመር በሚገናኙበት ወሰን ላይ የሚሆነውን አጠኑ። ተከተል ዮሐንስ ደግሞ ከኢንጋኔስ ጋር በ1998 ባሳተሙት ጥናት የፖሊታዮፊን ዝርያ የሆነ ስስ ፖሊመር አዮዳይድና ትራይአዮዳይድ ከያዘ ጠጣር ኤሌክትሮላይት ጋር ሲገናኝ ብርሃን የሚያመጣውን የኤሌክትሪክ ፍሰት መረመሩ። ይህ ሥራ ከሚገባው በታች የሚታወስ ነው። በዚያ ወሰን ላይ ብርሃን ያነሣቸው ኤሌክትሮኖች ሽቦ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ከአንድ ኬሚካል ወደ ሌላ ይሻገራሉ፤ ስለዚህ ሥራው የኤሌክትሪክ ብቻ ሳይሆን በቀጥታ በብርሃን የሚነዳ አጸግብሮት ጥናት ነበር።

ከ2000 በኋላ የጥናቱ ክብደት ወደ ፖሊመር የፀሐይ ሴሎች አዘነበለ። ወንድማገኝ ማሞ በስዊድን ቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩት ማትስ አንደርሾን ጋር አዳዲስ ፖሊመሮችን ሲያቀናብሩ፣ ሽመልስ አድማሴ የእነዚህኑ ፖሊመሮች የኃይል ደረጃ ለኩ፤ አምስቱ ባልደረቦች በ2006 ያወጡት ጽሑፍ የፖሊፍሎሪን ቅንብሮችን የኃይል ክፍተት በኤሌክትሮኬሚስትሪና በብርሃን መለኪያ አነጻጽሯል። በሊንሾፒንግ የተማሩት አባይ ጋዲሳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2004 የፖሊታዮፊኖች ኤሌክትሮን የመልቀቂያ ቮልቴጅ ሴሉ ከሚሰጠው ከፍተኛ ቮልቴጅ ጋር እንደሚዛመድ አሳዩ። የፖሊመር ንድፍ ዋናው ችግር እዚህ ላይ ይገለጣል። ኤሌክትሮን ሰጪና ተቀባይ ክፍሎችን በአንድ ሰንሰለት ላይ በማፈራረቅ የኃይል ክፍተቱ ሲጠብብ ፖሊመሩ ከቀዩ ጫፍ ጭምር ብዙ ብርሃን ይውጣል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የተነሣ ኤሌክትሮን የሚይዘው ጉልበት ያንሳል። ውኃን ለመክፈል በትንሹ 1.23 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሚያስፈልግና በተግባር የሚባክነው ሲታከልበት ከዚህ ብዙ ስለሚበልጥ፣ ንድፍ አውጪው የሚመርጠው ሁለቱም ፍላጎቶች በከፊል የሚሟሉበትን ጠባብ መካከለኛ ነው። ደረጃዎቹን በትክክል መለካት የንድፉ ግማሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ የኢትዮጵያውያኑ አስተዋጽኦ የጠነከረውም በዚሁ ነጥብ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም አጸግብሮቱ እንደገና የትኩረት ማዕከል ሆነ። ዋንግ ሺንቼንና ማርኩስ አንቶኒየቲ በ2009 ካርቦን ናይትራይድ በሚታይ ብርሃን ሃይድሮጅን እንደሚያመነጭ አስታወቁ፤ በሊቨርፑል የአንድሪው ኩፐር ቡድን በ2015 ክፍተታቸው እየተስተካከለ የተሠሩ ባለ ቀዳዳ ፖሊመሮችን አቀረበ፤ በ2020 ደግሞ የኢየን ማክሎክ ቡድን ለፀሐይ ሴል የተነደፉ ሰጪና ተቀባይ ቁሶችን በአንድ ናኖ ቅንጣት ውስጥ አዋሕዶ ከውኃ ሃይድሮጅን አወጣ። ለኤሌክትሪክ ተብሎ የተለካው የኃይል ደረጃ ለአጸግብሮትም እንደሚያገለግል በዚህ ተረጋገጠ፤ የአራት ኪሎዎቹ ሁለት የሥራ ዘመናትም የአንድ ዕውቀት ሁለት ገጽታዎች መሆናቸው ታየ።

የቀረው የቁሱ ጉዳይ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በ12 ዲግሪ ተኩል ሰሜን ለምትገኘው አዘዞ የበጋ ብርሃን አይጎድላትም፤ የሚጎድለው ሞኖመሩ፣ ማሟሚያውና ከሁሉም በላይ ሰንሰለቱን ለማያያዝ የሚያገለግለው ፓላዲየም የተባለ ውድ ብረት ነው። ፓላዲየሙ የሚያስከትለው ችግር በውድነቱ ብቻ አያበቃም። በ2018 የታተመ ጥናት ኤፍ8ቢቲ በተባለ ፖሊመር፣ ማለትም በ2006 ከተለኩት የፖሊፍሎሪን ቅንብሮች የቅርብ ዘመድ ላይ፣ ከዝግጅቱ የተረፈ ፓላዲየም ከአንድ ሚሊዮን 40 እጅ እንኳ ሳይሞላ ሃይድሮጅን የሚያወጣው ዋና አፋጣኝ ሆኖ እንደሚሠራ አሳየ፤ ፓላዲየሙ ከሞላ ጎደል ተጣርቶ ሲወጣ ሃይድሮጅኑ ቆመ። ስለዚህ በዚህ መስክ የሚሠራ ቤተ ሙከራ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በጎንደር፣ ፖሊመሩን ከማቀናበሩ ባልተናነሰ እስከ ሚሊዮንኛ እጅ ድረስ ማጥራትንና በውስጡ የቀረውን ብረት መለካትን ሊለምድ ይገባዋል።