ዋናው ሲጠፋ ግልባጩ ይመሰክራል

ዛሬ በኮሎምበስ ጎዳናዎች ታክሲ እየነዳሁ ብኖርም፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ሳለሁ የቀሰምኩት አንድ ቁም ነገር ከልቤ አልወጣም። ይኸውም ብዙ መጻሕፍት ለእኛ የደረሱት ዋናው ስለ ተጠበቀ ሳይሆን ግልባጭ ስለ ነበራቸው ነው።

ለዚህ መጽሐፈ ሄኖክ ጥሩ ምስክር ነው። ከጥንታዊው የአረማይክ ቅጂ በቁምራን ዋሻዎች የተገኘው ቁርጥራጩ ብቻ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ግን እስከ ዘመናችን የቆየው በግዕዝ ሲሆን፣ ያቆዩትም ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ትውልድ እየተካ የገለበጡት ጸሐፍት ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የአገራችንን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በደርግ ዘመንም ቀጥሎ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ፤ ቅጂዎቹም በአዲስ አበባና በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በኮሌጅቪል ሆነው ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ለብዙ ዓመታት ደክመዋል። ሁለት ቅጂ በሁለት አገር ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የእኛ የስደተኞች ብራና የሠርግ፣ የልደትና የሽኝት ፊልም ነው። ከአገር ቤት የሚላከው የቪዲዮ ካሴት በፓል ሥርዓት የተቀዳ ስለ ነበር በአሜሪካው የኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. ማጫወቻ በደንብ አይታይም ነበር። ዲቪዲ እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ከገባ በኋላ ካሴቱን ወደ ዲስክ አስገልብጠን የተገላገልን መሰለን። ነገር ግን በቤት የሚቀዳ ዲስክ ፊልሙን የሚይዘው በስስ የቀለም ንጣፍ ላይ ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ከአገር ስወጣ እናቴ እጄን ይዛ ስትመርቀኝ የተቀረጸውን ዲስክ ለዓመታት በመሳቢያ አኖርኩት። እናቴ ካረፈች በኋላ ባወጣው ማጫወቻው አላነብ አለ። ግልባጭ አልነበረኝም። እዚህ ኮሎምበስ የተቀረጸው የሠርጌ ዲስክም ተበላሽቶ ነበር፤ የእሱን ግን አንድ ግልባጭ አዲስ አበባ ላለችው እኅቴ ልኬላት ስለ ነበር መልሳ ላከችልኝ። በሠርጌ ላይ እናቴ አልነበረችም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዲስኩ ገና ሲነበብ ወደ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። በየዓመቱም ተከፍቶ ይታይ። የብራና ግልባጭ የእጅ ስሕተት ይገባበት ነበር፤ ካሴትም በተገለበጠ ቁጥር ይደበዝዝ ነበር፤ የዲስክ ግልባጭ ግን በትክክል ከተቀዳ ከዋናው አያንስም።

የማኅበራችን የአሥር ዓመት የበዓል ፊልሞችም በየአባሉ ቤት ተበትነው ይገኛሉ። የዘንድሮው ስጦታችን እነሱን ሰብስቦ መገልበጥ ይሁን።

እንኳን ለአሥረኛው ዓመት በዓላችን በሰላም አደረሰን!