የታሸገው ፖስታ እና የተማሪዎቹ ወተት

ጨረታ ለእኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ጋዜጣ ገልጦ የሚያይ ሰው «ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል» የምትለዋን ሐረግ በቃሉ ያውቃታል። ትንሽ ዕቃ ለመግዛት እንኳ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ የተባለ የቢሮ ሠራተኛ ብዙ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ጀርባ አንድ እምነት አለ፤ ፖስታው ታሽጎ ከመጣ፣ በአደባባይ ከተከፈተ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ካሸነፈ፣ ዋጋው ትክክለኛ ነው የሚል።

በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የሆነው ነገር ይሄን እምነት ክፉኛ የፈተነ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ፖስታው ታሽጓል፣ በአደባባይ ተከፍቷል፣ ዝቅተኛው አሸንፏል። ግን ልጆች ምሳቸው ላይ የሚጠጡት ወተት ለዓመታት ከሚገባው በላይ ተከፍሎበታል።

መጀመሪያ ሕጉ ራሱ ለምን እንደመጣ እንይ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ግዥ በማስታወቂያና በውድድር እንዲሆን የሚያዝ ሕግ በ1861 አውጥቷል። ክፍለ ግዛቶችና ከተሞችም የየራሳቸውን ደንብ አወጡ። ያኔ ሕግ አውጪዎቹን የሚያስፈራቸው ሌባ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ነበር። ለዚህ የሚጠቀሰው ምሳሌ የኒውዮርኩ ዊልያም ትዊድ ነው። የትዊድ ቡድን በሚያስገነባው የፍርድ ቤት ሕንጻ ላይ ሥራ ተቋራጮች የተጋነነ ደረሰኝ እያቀረቡ ትርፉን ከባለሥልጣናቱ ጋር ይካፈሉ ነበር። አሜሪካ በ1867 አላስካን በሙሉ የገዛችው በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ያ አንድ ሕንጻ ከዚያ በላይ ፈጅቷል። ካርቱኒስቱ ቶማስ ናስት በሃርፐርስ ዊክሊ መጽሔት ላይ ቡድኑን ሲያብጠለጥል ደግሞ የሃርፐር ማተሚያ ቤት የመማሪያ መጻሕፍት ከከተማዋ ትምህርት ቤቶች እንዲወገዱ ተደረገ። የመጽሐፍ ግዥ የፖለቲካ በቀል መወጫ ሆነ ማለት ነው። ኒውዮርክ ታይምስ በ1871 የሒሳብ መዝገቡን አደባባይ ሲያወጣው ነው ነገሩ የፈረሰው። (ያ ሕንጻ ከ2002 ጀምሮ የኒውዮርክ ከተማ ትምህርት መሥሪያ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤት መሆኑ የታሪክ ቀልድ ይመስላል።)

እንዲህ ያለውን ሌባ ለመያዝ የታሸገ ፖስታ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሹሙ ለወዳጁ የተፎካካሪውን ዋጋ ሹክ እንዳይል ፖስታው ይታሸጋል፤ ሲከፈት ቁጥሩን እንዳይቀይር ሁሉም ባለበት ይነበባል። «ብቃት ያለው ዝቅተኛ ተጫራች ያሸንፋል» የሚለው ደንብም የሹሙን ምርጫ ያጠባል። ሕጉ ዓይኑን የተከለው ገዢው ላይ ነው። ሻጮቹ እርስ በርስ ቢመካከሩስ? እዚህ ጋ ወደ ወተቱ እንመጣለን።

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የብሔራዊ የትምህርት ቤት ምሳ ሕግን የፈረሙት በ1946 ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የገባ ትምህርት ቤት ለልጆቹ ወተት ማቅረብ አለበት። ወተቱ ሩብ ሊትር ገደማ በምትይዝ ትንሽ ካርቶን ይመጣል። የሚገዛው ደግሞ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሳይሆን እያንዳንዱ የትምህርት ዲስትሪክት ለብቻው ነው። ኦሃዮ ውስጥ ብቻ 600 ገደማ ዲስትሪክቶች አሉ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ዲስትሪክቶቹ ለወተት ፋብሪካዎች ደብዳቤ ይልካሉ፣ ፋብሪካዎቹ የአንዷን ካርቶን ዋጋ በታሸገ ፖስታ ያስገባሉ፣ አሸናፊው ለአንድ የትምህርት ዘመን ያቀርባል።

አሁን ይሄን ገበያ ሊመሳጠር በሚፈልግ ሻጭ ዓይን እንየው። የሁሉም ወተት አንድ ዓይነት ነው፤ ክርክሩ በዋጋ ብቻ ነው። ወተት ከባድና የሚበላሽ ስለሆነ ከሩቅ ማምጣት አያዋጣም፤ ስለዚህ በአንድ አካባቢ የሚጫረቱት ጥቂትና የሚተዋወቁ ናቸው። ዋጋው ትንሽ ቢጨምር ትምህርት ቤቱ ወተት መግዛቱን አያቆምም። ጨረታው በየዓመቱ ይደገማል፣ ዲስትሪክቱም ብዙ ስለሆነ ለሁሉም የሚደርስ ድርሻ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እዚህ አንበሳው ሕጉ ነበር።

የመመሳጠር ትልቁ ችግር ግን አለመተማመን ነው። ከተስማማን በኋላ አንዱ በድብቅ ዋጋ ቀንሶ ቢያሸንፍስ? ይሄን ጥያቄ የመለሰላቸው ራሱ የጨረታ ሕጉ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር ገና በ1964 ባወጣው ጽሑፍ፣ የእያንዳንዱ ተጫራች ስምና ዋጋ በአደባባይ የሚነበብበት ጨረታ ዋጋ የቀነሰውን ለመለየት ተመራጭ መሣሪያ እንደሆነ አስረድቶ ነበር። ቃሉን ያፈረሰ በዚያው ቀን ይታወቃል። ሹሙን ለመቆጣጠር የተሠራው መስኮት ለሻጮቹም እርስ በርስ መቆጣጠሪያ ሆነ።

በ1993 የሁለት የወተት ፋብሪካዎች ተወካዮች በሲንሲናቲ አካባቢ ጨረታ ሲያጭበረብሩ እንደነበር አመኑ። አሠራሩ ውስብስብ አልነበረም። አንድን ዲስትሪክት አምና ያቀረበ ፋብሪካ ዘንድሮም እንዲይዘው ይተዉለታል። ሌሎቹ ግን ዝም አይሉም፤ ሆን ብለው ከፍ ያለ ዋጋ ያስገባሉ። ለምን? ፖስታ ካነሰ ሰው ይጠረጥራላ! የግዥ ሠራተኛዋ ሦስት ፖስታ ስትከፍት ያየችው ሦስት ተወዳዳሪ ነው። ይሄ እንዲሠራ ጉቦ የበላ ሰው ቢሮው ውስጥ መኖር አያስፈልገውም።

የኦሃዮ ክፍለ ግዛት በቀጣዩ ዓመት 13 የወተት ድርጅቶችን ከሰሰ። ተመሳሳይ ምርመራና ክስ ከደርዘን በሚበልጡ ክፍለ ግዛቶች ተካሂዷል። ፍሎሪዳና ቴክሳስ ውስጥ የተፈረደባቸውን ያጠናው ማርቲን ፔሰንዶርፈር ሁለት ዓይነት አሠራር አገኘ፤ በአንደኛው ገበያውን ተከፋፍለው ይይዛሉ፣ በሌላው ደግሞ ላለመጫረት የተስማማው ገንዘብ ይከፈለዋል።

ለእኔ በጣም የሚገርመው የኦሃዮው ማስረጃ የተነበበበት መንገድ ነው። ሮበርት ፖርተርና ዳግላስ ዞና የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1980ዎቹ የገቡትን የመጫረቻ ዋጋዎች ሰብስበው፣ ተጠርጣሪዎቹን ካልተጠረጠሩ ፋብሪካዎች ጋር አነጻጸሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ከፋብሪካው በራቀ ቁጥር ዋጋው ምን ይሆናል? በጤነኛ ገበያ ርቀት ሲጨምር የነዳጅና የሾፌር ወጪ ስለሚጨምር ዋጋውም ይጨምራል። ያልተጠረጠሩት እንዲህ ነበሩ። ከሲንሲናቲ ተጠርጣሪዎች ዘንድ ግን ተገልብጦ ተገኘ፤ ለሩቁ ትምህርት ቤት የሰጡት ዋጋ ለጎረቤታቸው ከሰጡት ያንስ ነበር። ቅርቡ የተከፋፈሉት ግዛት ነው፣ ተፎካካሪ የለም፤ ሩቅ ሲሄዱ ግን ካልተስማማቸው ሰው ጋር ይገናኛሉ፣ ስለዚህ እውነተኛውን ዋጋ ያወጣሉ።

ኢኮኖሚስቶቹ በ1999 ባሳተሙት ጥናት መመሳጠሩ ዋጋውን በአማካይ 6.5 በመቶ ገደማ እንዳናረው ገምተዋል፤ ወተቱን 50 ማይል፣ ማለትም 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ለማጓጓዝ የሚወጣውን ወጪ ያክላል። የካርቶኗ ዋጋ በሳንቲም የሚቆጠር ስለነበር ልዩነቱ ቢበዛ አንድ ሳንቲም አካባቢ ነው። ስርቆቱ ዕድሜ ያገኘው ለዚህም ይመስለኛል። ለአንድ ሳንቲም ብሎ አቤት የሚል ወላጅ የለም። አንድ ሳንቲም ግን በየልጁ፣ በየትምህርት ቀኑ፣ በየዲስትሪክቱ ሲባዛ የምሳ በጀት ይበላል።

ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ይሄን ታሪክ ሲሰማ ቶሎ የሚታየው ሎግ ነው። ሲስተሙ የሚያደርገውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ማንም ካላነበበው ግን መዝገቡ ቦታ ከመያዝ በቀር ፋይዳ የለውም። እያንዳንዱ ዲስትሪክት የራሱን ሦስት ፖስታ አይቶ ፋይሉን ዘጋ። በአንድ ዲስትሪክት ፋይል ውስጥ ስህተት አልነበረም፤ ስህተቱ የሚታየው ፋይሎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡና ካርታ ላይ ሲነጠፉ ብቻ ነው። ያን ማድረግ ደግሞ የማንም የሥራ ድርሻ አልነበረም።

ታዲያ ጨረታውን በሚስጥር ማድረግ ይሻል ነበር? ካርቴሉ ከሃዲውን ማየት ባልቻለ ነበር፤ ግን ትዊድን የመሰለ ሹም መልሶ በሩን ያገኛል። ደግሞም ፋብሪካዎቹን ያጋለጠው ያው በግልጽ ተከፍቶ፣ ተመዝግቦ፣ ለዓመታት የተቀመጠ ወረቀት ነው። በአሜሪካ ተጫራች ዋጋውን ከማንም ጋር ሳይመክር እንዳወጣ የሚያረጋግጥ ሰነድ እንዲፈርም የሚጠየቅበት ቦታ ብዙ ነው፤ ፊርማው ሌባን አያስቆምም፣ ሲያዝ ግን ማምለጫ ያሳጣዋል።

የጨረታ ደንብ የጻፉት ሰዎች የዘመናቸውን ሌባ ያውቁታል፤ የሚቀጥለውን ግን አያውቁትም። ግዥ በትክክል ተካሂዷል የሚል ሪፖርት ሲመጣ ደንቡ ተከብሯል ማለት ነው፤ ዋጋው ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። ሁለተኛውን ለማወቅ ከአንዱ ትምህርት ቤት ፋይል ወጥቶ የጎረቤቱንም የሚያይ፣ አምና ማን አሸነፈ፣ ካቻምናስ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ኦሃዮ ውስጥ ያ ሰው ሲገኝ በወተቱ ያደጉት ልጆች ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄደዋል።