ለስፒከር ቦታ ያልነበራት መኪና

ስፒከር በደንብ እንዲሠራ ከሁሉ በፊት ቦታ ይፈልጋል። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፣ ከጀርባው ያለው ደግሞ ይሳሳል። ሁለቱ ዞረው ከተገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ቀድሞ የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ስፒከር በሣጥን ውስጥ ወይም ቢያንስ በሰፊ ገበታ ላይ የሚታሰረው ለዚህ ነው። የቤተሰብ መኪና ከኋላ መስታወቱ ሥር ሰፊ መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው በታች ደግሞ የዕቃ መጫኛ ክፍል ስላለው ገበታውም ሣጥኑም አይቸግረውም። ባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ግን በሯ ቀጭን፣ ዳሽቦርዷ ጠባብ፣ ጣሪያዋም ብዙ ጊዜ ሸራ ነው፤ ከወንበሩ ጀርባ ያለችው ጥቂት ቦታም ለታጠፈው ሸራ ታስፈልጋለች። ስለዚህ በዚህች መኪና ውስጥ ዋናው ጥያቄ ሬዲዮው አልነበረም፤ ለስፒከሩ የሚሆነው ቀዳዳ የት ይቆረጥ የሚለው ነበር። የአንድ ዘመን ባለቤቶች ያለ ሐሳብ የቆረጡትን ቀዳዳ ቀጣዮቹ በብዙ ወጪ ሲደፍኑ ኖረዋል።

የመኪና ሬዲዮ በገበያ የተሳካለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የቺካጎው ፖል ጋልቪን ድርጅቱ ገንዘብ አጥሮት ሳለ፣ ከዊልያም ሊርና ከኤልመር ዌቨሪንግ ጋር ሆኖ በራሱ ስቱድቤከር መኪና ላይ ሬዲዮ ገጠመ። በዚያው ዓመት ሰኔ የሬዲዮ አምራቾች ወደተሰበሰቡበት ወደ አትላንቲክ ሲቲ ነድቶት ሄደና ከአዳራሹ ደጅ አቁሞ ለአላፊ አግዳሚው አሰማ። ሞቶሮላ የተባለው ይህ ዕቃ ከ110 እስከ 130 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ አዲስ ፎርድ ሞዴል ኤ ከ600 ዶላር በታች በሚገኝበት ጊዜ ማለት ነው። መግጠሙም ከግዢው ያልተናነሰ ጣጣ ነበረው። ዳሽቦርዱ ይፈታል፣ ስፒከሩ በዳሽቦርዱ ሥር ከእግር ማሳረፊያው በላይ ይሰቀላል፣ ለተጨማሪዎቹ ባትሪዎች ወለሉ ይቆረጣል፣ ለአንቴናው የጣሪያው ጨርቅ ይገለጣል። በአውሮፓ በርሊን የነበረው ብላውፑንክት በ1932 አውቶሱፐር ኤ ኤስ 5 የተባለውን ሬዲዮ አወጣ፤ 465 ማርክ ነበር። ሬዲዮው ራሱ ከነጂው አጠገብ የሚቀመጥበት ቦታ ስላልተገኘለት ማዞሪያዎቹ በመሪው ዘንግ ላይ ታሰሩ።

የዚያ ዘመን ስፒከር ከራሱ የሚመነጭ ችግርም ነበረበት። በ1925 የጄኔራል ኤሌክትሪኮቹ ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ያሳወቁት፣ ዛሬም መሠረቱ ያልተለወጠው ስፒከር በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ አለው። ጠንካራ ቋሚ ማግኔት በርካሽ በማይገኝበት ጊዜ ማግኔቱ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለነበር ስፒከሩ ዝም ባለበት ሰዓት እንኳ ከባትሪው ይጠጣል። ሬዲዮው የሚሠራባቸው የመስታወት ቫልቮችም ባለ 6 ቮልት ባትሪ የማይሰጠውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚፈልጉ እየነዘረ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ሌላ ዕቃ ይታከልላቸዋል። ለፍጥነት ሲባል ኪሎ የምትቆጥር ትንሽ መኪና ይህን ሁሉ ተሸክማ ምን ልትሆን ነው? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩ አብዛኞቹ ስፖርት መኪኖች ያለ ሬዲዮ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ነጂዎቹም የሞተሩ ድምፅ ይበቃቸው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ አልኒኮ የተባለው ቋሚ ማግኔት ሲስፋፋ ስፒከሩ ቀለለ፤ ሬዲዮም በስፖርት መኪና የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ገባ። የ1953ቷ ሸቭሮሌ ኮርቬት በዚህ ረገድ ጥሩ ማሳያ ናት። በዚያ ዓመት በሚሺጋን ፍሊንት ከተማ 300 ብቻ ተሠሩ፤ ሁሉም ነጭ ነበሩ። ሬዲዮው 145 ዶላር ከ15 ሳንቲም ሲሆን ማሞቂያው 91 ዶላር ከ40 ነበር፤ ከማሞቂያ ሬዲዮ ይወደድ ነበር ማለት ነው። ይሁንና የኮርቬት ቦዲ ፋይበርግላስ መሆኑ መሐንዲሶቹን ያላሰቡት ነገር ውስጥ አስገባቸው። በሌላ መኪና የኮፈኑ ላሜራ ከሞተሩ የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ረብሻ ያፍነዋል። ፋይበርግላስ ግን ምንም አይከለክልም፤ ካንዴላዎቹ በተኮሱ ቁጥር ስፒከሩ ይንጣጣል። መፍትሔው ዲስትሪቢዩተሩንና የካንዴላ ገመዶቹን በብረት መሸፈን ሆነ። በሌላ በኩል ፋይበርግላሱ ውለታም አለው፦ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚያሳልፍ አንቴናው የሽቦ መረብ ሆኖ በኋላ ኮፈኑ ውስጥ ተቀበረ፣ ከውጭም የሚታይ ዘንግ አልቀረም። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ያለ ሬዲዮ የታዘዘች ኮርቬት ያለ ብረት ሽፋን ትወጣ ስለነበር፣ ዛሬ አሮጌ ኮርቬት የሚገዛ ሰው ሬዲዮው የፋብሪካ መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ኮፈኑን ከፍቶ ያንን ሽፋን ይፈልጋል።

እንግሊዞቹ የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። በ1962 በአቢንግደን መሠራት የጀመረችውና እስከ 1980 ድረስ ከ500,000 በላይ የተመረተችው ኤምጂቢ ሬዲዮን የምታቀርበው ለሚፈልግ ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሬዲዮው በዳሽቦርዱ መካከል ይገባል፤ አንዱ ስፒከር ደግሞ ከሥሩ፣ ከማርሽ ዘንጉ ፊት ለፊት በካምቢዮው ጉብታ ላይ በተቀመጠች ቤት ውስጥ ይታሰራል። ቦታው ለቆራጭ የተመቸ ቢሆንም ለሰሚ ግን አልነበረም። ስፒከሩ የሚጮኸው ወደ ጉልበት ነው፤ ከሥሩ የካምቢዮው ሙቀት ይመጣል፣ ወረቀቱም ከጊዜ በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሸራው ተነሥቶ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ ዜና አንባቢው የሚለውን መለየት ራሱ ሥራ ነበር።

በእነዚህ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ እስከ ዛሬ ጣጣ የሚያመጣው ነገር ግን ስፒከሩ ሳይሆን ሽቦው ነው። በዘመኑ ልማድ የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ከቦዲው ጋር ይታሰር ነበር፤ ዛሬ በሁሉም መኪና ላይ ከቦዲው የሚታሰረው ኔጋቲቩ ነው። ኤምጂቢ ወደ አሁኑ አሠራር የዞረችው በ1967 መጨረሻ፣ ዲናሞዋ በአልተርኔተር ሲተካ ነው። የዛሬ ሬዲዮ የብረት ቤቱ ራሱ ኔጋቲቭ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በ1964 ኤምጂቢ ላይ አዲስ ሬዲዮ በብሎን ሲያስር፣ ብሎኑ ገና ላሜራውን ሲነካ ባትሪው በቀጥታ ይገናኛል፤ ፊውዝ ከሌለው ሽቦው ይጨሳል። አዋቂ ኤሌክትሪሺያን ወይ የመኪናውን ጠቅላላ አሠራር ይገለብጣል፤ ማለትም ባትሪውን አዙሮ ያስርና ዲናሞውን በአዲሱ አቅጣጫ እንዲሞላ በአጭር የኤሌክትሪክ ንክኪ ያስተካክለዋል። ወይም ሬዲዮውን ከቦዲው ፈጽሞ ለይቶ በጎማና በፕላስቲክ ላይ ያንሳፍፈዋል። ሁለተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የአንቴናው ገመድ ሽፋንም ከሬዲዮው ቤት ጋር የተያያዘ በመሆኑ አንቴናው ከፓራፋንጎው ጋር በተነካካበት ቦታ ሁሉ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

የ1950ዎቹ አጋማሽ ትራንዚስተርን ይዞ መጣ። ክራይስለርና ፊልኮ በ1955 ያለ አንድ ቫልቭ የሚሠራ የመኪና ሬዲዮ አሳወቁ፤ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት የሬዲዮው መጠንም የሚጠጣው ኤሌክትሪክም ቀነሰ። በአሜሪካ የኤፍ ኤም ስቴሪዮ ስርጭት በ1961 ተፈቀደ። በ1966 ሞዴሎቹ ላይ ፎርድ ባለ ስምንት ትራክ ቴፕ ማቅረብ ጀመረ፤ ካርትሪጁን የሠራው በ1930 ከጋልቪን ጋር የነበረው ያው ዊልያም ሊር ነው፣ በመካከሉ ስሙን ለአውሮፕላን ሰጥቶ ተመልሶ የመጣ። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴትም ብዙ ሳይቆይ መኪና ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ የራሱን ሙዚቃ፣ ያውም በስቴሪዮ፣ መስማት ፈለገ። ስቴሪዮ ማለት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ስፒከር ነው፤ ለአንዱ ቦታ ያጣች መኪና ለሁለት ከየት ታመጣለች?

መልሱ በሩ ሆነ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ያገለገሉ ስፖርት መኪኖች ርካሽ ስለነበሩና ቅርስ ይሆናሉ ብሎ የጠረጠረ ስለሌለ፣ የበራቸው ላሜራ በመጋዝ ሲቆረጥ ማንም አልደነገጠም። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። መስታወቱ ወደ በሩ ውስጥ ይወርዳል፣ ማንሻውም እዚያው ይንቀሳቀሳል፤ የስፒከሩ ማግኔት ከእነሱ ጋር መጋጨት የለበትም። ጠንቃቃው ሠራተኛ ከመቁረጡ በፊት የበሩን ፓነል አውጥቶ፣ ባሰበው ቦታ ውስጥ ለስላሳ ስቱኮ ይለጥፍና መስታወቱን እስከ መጨረሻው ያወርደዋል። መስታወቱ ስቱኮውን የጨፈለቀበት ውፍረት የቀረውን ጥልቀት ይነግረዋል። ቀጥሎ ውሃው አለ፦ ዝናብ ሁልጊዜ በመስታወቱ ላስቲክ ሾልኮ በሩ ውስጥ ይወርድና ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይፈሳል። የወረቀት ስፒከር እዚያ ከተሰቀለ አንድ ክረምት ሳይሞላው ይረግባል። ብልሆቹ ከስፒከሩ በላይ የላስቲክ ጥላ ያደርጉለታል። በ1970ዎቹ ቢቢሲ ለስቱዲዮ ስፒከሮቹ የመረመረው ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክም የኋላ ኋላ ለበር ስፒከር ከወረቀት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥድፊያ የያዘው ግን ላሜራውን ቆርጦ፣ ጫፉን ቀለም ሳይቀባ፣ ስፒከሩን በአራት ብሎን አስሮ ይሸኛል። ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ጠርዝ ነው።

ከአቢንግደንና ከፍሊንት እጅግ የራቀ ሌላ ክስተትም በስፒከር ቅርፅ ላይ እጁን አስገብቷል። አልኒኮ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ይሠራል፤ የዓለምን ኮባልት በብዛት የምታቀርበው ደግሞ ዛየር፣ የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ ነበረች። በግንቦት 1978 ታጣቂዎች ከአንጎላ ተነሥተው የሻባ ክፍለ ሀገር የማዕድን ከተማ የሆነችውን ኮልዌዚን ሲይዙ የኮባልት ዋጋ ጣሪያ ነካ። ብዙ የስፒከር ፋብሪካዎች ቀድሞ የጀመሩትን ሽግግር አፋጥነው ወደ ፌራይት ማግኔት ዞሩ። ፌራይት ከባድ ቢሆንም ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። የአልኒኮ ስፒከር ወደ ኋላ ረዝሞ ይወጣ ስለነበር ጠፍጣፋው ለቀጭን በር ተስማማ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጄኔራል ሞተርስና የጃፓኑ ሱሚቶሞ በየፊናቸው የደረሱበት የኒዮዲሚየም ማግኔት ደግሞ ክብደቱንም ጥልቀቱንም አንድ ላይ ቀነሰ፤ ዛሬ ለአሮጌ መኪና የሚመረጠው በአብዛኛው እሱ ነው።

በዚያው አሥር ዓመት ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ስለ ስፒከር ቦታ ማሰብ ጀመሩ። የኤም አይ ቲው መምህር አማር ቦዝ ከጄኔራል ሞተርስ ጋር ተስማምቶ፣ ስፒከሩ ለአንድ መኪና ብቻ ተለክቶ የሚሠራበትን ሥርዓት አመጣ። የ1984ቷ ኮርቬት በ895 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ አራት ስፒከሮች፣ ለእያንዳንዳቸውም የየራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሣጥን ታገኝ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣችው ፖንቲያክ ፊየሮ ስፒከሩን ወደ ወንበሩ የጭንቅላት መደገፊያ ወሰደችው፤ በ1989 በቺካጎ የታየችው ማዝዳ ኤምኤክስ 5ም ይህንኑ አደረገች። ጣሪያ ለሌላት መኪና ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አልመጣም ማለት ይቻላል፤ ድምፁ ከጆሮ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ ነፋሱ አይወስደውም። በተቃራኒው ደግሞ የ1987ቷ ፌራሪ ኤፍ 40 ምንም ሬዲዮ ሳይኖራት ወጣች። ለማክላረን ኤፍ 1 ኬንዉድ ልዩ ቀላል የሲዲ ማጫወቻ ሲሠራ፣ ንድፍ አውጪው ጎርደን መሪ ሬዲዮ እንዲጨመርበት አልፈለገም።

አሮጌዎቹ ስፖርት መኪኖች ዋጋቸው ሲንር የተቆረጠ በር ጉዳት ተብሎ ተቆጠረ። የአሮጌ መኪኖች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የሆነው ፊቫ የቱሪን ቻርተር በተባለው ሰነዱ፣ ለአጠቃቀም ሲባል የሚደረግ ለውጥ ጎልቶ የማይታይና ወደ ነበረበት የሚመለስ እንዲሆን ያሳስባል። በስፒከር ሥራ ይህ ማለት ምንም አለመቁረጥ ነው። ለዳሽቦርዱ ነባር ቀዳዳ በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለው ስፒከር ይሠራለታል፤ የግራውም የቀኙም ድምፅ በአንዱ ይወጣል። ስቴሪዮ ነው ለማለት ባያስደፍርም ከሁለቱ አንዱ አይቀርም። ከእግር በኩል ባለው የጎን ግድግዳ ላይ በነባሮቹ ብሎኖች የሚታሰር ልዩ ፓነልም አለ። ለጆሮ የሚሻለው ይህኛው ነው፤ ስፒከሮቹ ወደ ፊት ስለራቁ ከግራና ከቀኝ ወደ ነጂው የሚመጣው ድምፅ በርቀት ብዙም አይበላለጥም፣ ሙዚቃውም ከአንድ በር ብቻ የሚመጣ አይመስልም። አንዳንዱ በበሩ ፓነል ጀርባ የሚለጠፍና ፓነሉን ራሱን የሚያናጋ መሣሪያ ይጠቀማል፤ ወፍራም ድምፅ ግን አይጠበቅበትም። ፖርሸ በ2020 ለአሮጌዎቹ 911 መኪኖቹ በነባሩ የሬዲዮ ቀዳዳ ልክ፣ የድሮ ማዞሪያ ያለው ግን ስልክ የሚያገናኝ ሬዲዮ አቅርቧል።

ኃይሉም ቢሆን ወሰን አለው። የመጀመሪያዎቹ ኤምጂቢዎች ሉካስ ዲናሞ ቢበዛ 22 አምፔር ይሰጣል፤ በ12 ቮልት ሲሰላ ወደ 260 ዋት ገደማ ነው። ከዚያ ላይ የፊት መብራትና የዝናብ መጥረጊያ፣ በብርድም የማሞቂያው ነፋስ ይወስዳሉ፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ዲናሞው ከዚህም ያነሰ ነው የሚሰጠው። የቀድሞ አምፕሊፋየሮች ከሚወስዱት ኃይል ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጡ፣ በማታ ጉዞ ሙዚቃ ከፍ ያደረገ ሰው ጠዋት መኪናውን ገፍቶ ማስነሣት ሊገጥመው ይችላል። ክላስ ዲ የተባሉት አምፕሊፋየሮች ግን ብክነታቸው ትንሽ ነው፣ መጠናቸውም ከወንበር ሥር ይገባል። ዲናሞዋ ያልተለወጠ መኪና ላይ ስፒከር የሚገጥም ኤሌክትሪሺያን እነሱን መርጦ፣ ገመዱን ከባትሪው በቀጥታ ስቦ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያስገባበታል፤ የመኪናዋ ነባር ሽቦም ሳይነካ ይቀራል።