ጠገራ ብርና 15 ኢንች

መርሳ ላይ ቡና ሲፈላ ወሬው ዞሮ ዞሮ የተቀበረ ብር ላይ ይወድቃል። የሆነ ሰው ቅድመ አያት ጠገራቸውን በገንቦ ሞልተው ቀበሩ፣ ቦታውን ሳይናገሩ ሞቱ። ድሮ የሚፈለገው በዶማ ነበር። አሁን ግን የአጎቴ ልጅ ዲቴክተር ሊገዛ ነው፣ ደውሎም "ወንድሜ፣ ኮይሉ ስንት ኢንች ይሁን?" አለኝ።

መልሱ የሚጀምረው ከብሩ ነው። ጠገራ የምንለው የማርያ ቴሬዛ ብር ነው፤ ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ስትሞት ዓመቱ ሳይለወጥ ለዘመናት ተቀጠቀጠ። ክብደቱ 28 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር። ገበያተኛው የጌጧን ሉሎች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። ባንክ ሩቅ፣ ዘማችና ሽፍታ ቅርብ በሆነበት አገር መሬት ካዝና ቢሆን አይገርምም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣም ጠገራ ከገበያ መውጣት ጀመረ እንጂ ብርነቱ አልጠፋም።

ወደ ኮይሉ ስንመጣ፣ ለአንድ ሳንቲም ጥልቀቱ በግምት ከኮይሉ ስፋት ጋር ይመጣጠናል። ከዚያ በታች ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ ወደ 64 ጊዜ ይደክማል። 15 ኢንቹ ለሙሉ ገንቦ ጥሩ ነው። ግን ይከብዳል፣ ሚስማሩንና ብሩን ባንድ ድምፅ ያደባልቃል፣ እንደ አክሱም ወርቅ ያሉ ትንንሽ ሳንቲሞችንም ሊያልፍ ይችላል። የእኛ ጥቁር አፈር ደግሞ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ፣ ብረት ያዘለ ነው፤ ትልቅ ኮይል ብዙ አፈር ያያል፣ ብዙም ይንጫጫል። ስለዚህ 11 ኢንች አልኩት።

"አብሽር፣ እኔ ጥልቁን ነው የምፈልገው" አለ።

እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1881 ግርሃም ቤል ይህን የመሰለ መሣሪያ የሠራው በፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ገላ ውስጥ ጥይት ለመፈለግ ነበር፤ አልተሳካለትም። እ.ኤ.አ. በ1941 ፖላንዳዊው ኮሳትስኪ የሠራው ደግሞ ለፈንጂ ነው፣ ኤል አላሜይን ላይም ወታደሮች እሱን ይዘው መንገድ ጠረጉ። ማሽኑ ሲወለድ ቦምብ ፈላጊ ነበር ማለት ነው።

የእኛን መሬት ደግሞ አስቡት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልድያንም መርሳንም አልፎባቸዋል። የናስ ቀለህና የሞርታር አሉሚኒየም ጅራት ለማሽኑ ከብር ጋር የሚመሳሰል ድምፅ ሊሰጡ ይችላሉ። ጠለቅ ያለ፣ ትልቅና ጥርት ያለ ድምፅ ገንቦ ሊሆን ይችላል፤ ያልፈነዳ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የሚታወቁት በዶማ ነው። (ሕጉም አለ፦ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ፍለጋ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይፈቅድም፣ በድንገት የተገኘም ወዲያው ይነገር ይላል። እሱ ግን ሕጉን ስነግረው ሳቀ።)

የሞርታሩን ስነግረው አልሳቀም። ዝም ብሎ ቆየና፣

"ታዲያ በ11ዱ ይብቃኝ?" አለ።


"ከቆፈርክ 11ዱም ያው ነው" አልኩት።