የኢንሱሊን ፀረ እንግዳ አካላት እና የደም ስኳር ማነስ አደጋ

የስኳር በሽታ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ማመንጨት ሲያቆም ወይም የመነጨው ኢንሱሊን ተግባሩን በአግባቡ ማከናወን ሲሳነው የሚከሰት ሕመም ነው፡፡ በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን የበርካታ ሕሙማንን ሕይወት የሚታደግ መድኃኒት ቢሆንም፣ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት እንደ ባዕድ በመቁጠር ከመድኃኒቱ ጋር የሚጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላትን ሊያመርት ይችላል፡፡ እነዚህ አካላት በአብዛኛዎቹ ሕሙማን ላይ ጉልህ ችግር የማያስከትሉ ሲሆን፣ በጥቂቶቹ ላይ ግን መንስኤው በቀላሉ የማይለይ የደም ስኳር ማነስ ያመጣሉ፡፡

ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሕክምና የዋለው እ.ኤ.አ በ1922 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ነው፡፡ ለስድሳ ዓመታት ያህል መድኃኒቱ ይዘጋጅ የነበረው ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ነበር፡፡ ከሰው ኢንሱሊን ጋር ሲነጻጸር የከብቱ በሦስት፣ የአሳማው ደግሞ በአንድ አሚኖ አሲድ ይለያል፡፡ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰለሞን በርሰን እና ሮዛሊን ያሎው እ.ኤ.አ በ1956 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢንሱሊን የታከሙ ሰዎች ደም ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር የሚጣበቁ ፀረ እንግዳ አካላት መኖራቸውን አሳይተዋል፡፡ በዘረ መል ምሕንድስና የተሠራው የሰው ኢንሱሊን እ.ኤ.አ በ1982 በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ ችግሩ እጅግ ቢቀንስም ፈጽሞ አልጠፋም፡፡

ፀረ እንግዳ አካላቱ ጉዳት የሚያደርሱት በሁለት ደረጃ ነው፡፡ በመጀመሪያ የተወጋውን ኢንሱሊን ይዘው ስለሚያቆዩት ከምግብ በኋላ የደም ስኳር ከፍ ይላል፡፡ ከሰዓታት በኋላ ግን የያዙትን ኢንሱሊን ስለሚለቁት፣ ሕመምተኛው ምግብ ባልወሰደበት ጊዜ፣ በተለይም በሌሊት፣ የደም ስኳሩ በድንገት ያሽቆለቁላል፡፡ አደጋው የሚባባሰው ቀን የታየውን ከፍተኛ ስኳር ለመቀነስ ሲባል የመድኃኒቱ መጠን ሲጨመር ነው፤ የተጨመረው ኢንሱሊንም ተጠራቅሞ ሌሊት ይለቀቃልና፡፡ በመሆኑም እንዲህ ያለው የስኳር መዋዠቅ ሁልጊዜ ከሕመምተኛው ቸልተኝነት የመጣ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፡፡

ሐኪሞች በቅድሚያ የሚያጣሩት የተለመዱትን መንስኤዎች፣ ማለትም ከመጠን ያለፈ መድኃኒት፣ የምግብ መዝለል፣ ከባድ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአልኮል መጠጥና የኩላሊት ሕመምን ነው፡፡ እነዚህ ከሌሉ በደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ኢንሱሊንና የፀረ እንግዳ አካላቱ መጠን በላቦራቶሪ ይመረመራል፡፡ ችግሩ ከተረጋገጠ የኢንሱሊኑን ዓይነት ወይም መጠን መቀየር፣ በከባድ ሁኔታ ደግሞ የመከላከያ ሥርዓቱን የሚያለዝቡ መድኃኒቶችን መስጠት ከአማራጮቹ መካከል ናቸው፡፡ ሕመምተኛው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ኢንሱሊኑን ማቋረጥ የለበትም፡፡

ኢንሱሊን ተወግተው የማያውቁ ሰዎችም ተመሳሳይ ችግር ሊያጋጥማቸው እንደሚችል እ.ኤ.አ በ1970 በጃፓን ተመዝግቧል፡፡ ለታይሮይድ ዕጢ ሕመም የሚታዘዘው ሜቲማዞል ከዚህ ዓይነቱ ክስተት ጋር ግንኙነት ካላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው፡፡

የደም ስኳር በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን አነሰ ይባላል፡፡ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብርቱ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ግራ መጋባት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው፡፡ በሥራ ቦታ እነዚህን ምልክቶች ያሳየ ባልደረባ እንደ ሰከረ ተቆጥሮ ሊተው ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ ሕመምተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም መጠኑን ዳግም መለካት ይገባል፡፡ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፡፡ በፀረ እንግዳ አካላት ምክንያት የመጣ የስኳር ማነስ ከተሻለው በኋላም ሊደገም ስለሚችል፣ ሕመምተኛው ለሰዓታት ብቻውን ሊተው አይገባም፡፡